ከማስታወቂያው ስለቀደመው የእንኳን ደስ ያለዎት ደብዳቤ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የልዩ ሥልጠና መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች የተሰጠውን የጡት ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ይመለከታል

አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለስድስቱ የኮሚቴ አባላት ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ አንድ ቀን ብትታመሙ የሚያክማችሁ ሐኪም እናንተ በምትመርጡበት መንገድ የተመረጠ እንዳይሆን በእጅጉ ስለምሰጋ ነው።

ሸሪፋ ጀማሉዲን እባላለሁ። የደሴ ሆጤ ሰፈር ነዋሪ ስሆን፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ቀዶ ሕክምና የማውቀው ታናሽ እህቴ ዊዳድ ዓምና አዲስ አበባ ሄዳ በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ተቆርጦ ስትመለስ የተማርኩትን ያህል ነው። ስለ ደብዳቤ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጥቂት አውቃለሁ።

ዊዳድ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። አሁን ሱቁን የያዘችው ልጇ ኡመይማ ናት። ዊዳድ ጥጥ ጠቅልላ በልብሷ ሥር ካላስገባች ከደጅ አትወጣም፤ ሠርግም ለቅሶም ቀርቶባታል። በሆስፒታላችሁ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናዋን በማገባደድ ላይ ያለችው ዶክተር ኢንሻራህ ናት ከሆድ ሥጋ ተወስዶ ጡት እንደገና ሊሠራ እንደሚችል የነገረቻት፤ ለዚህ የሚሆነውን የአንድ ዓመት ልዩ ሥልጠና ውጭ አገር ወስዳ ስትመለስም እዚሁ ደሴ እንደምትሠራላት ቃል ገብታላት ነበር። በዚያን ቀን እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «ወላሂ ሸሪፋ፣ እንደ ሰው ለብሼ ሱቄ ልቀመጥ ነው» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ የሥልጠናው ዕድል መጣ። ቦታው አንድ ብቻ ነበር፤ እናንተም አብረዋት ለሚሠለጥኑት ለዶክተር ሀፊዝ ሰጣችሁት።

የደከማችሁበትን ሁሉ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ስለሆነብኝ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ለጁምዓ ሶላት በወጣበት ሰዓት፣ ሬሳ ክፍሉ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ለጠፋችሁት፤ ምዝገባውም በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። በዚያ ሰሌዳ ፊት የሚያልፉት አብዛኞቹ ሥልጠና የማይፈልጉ መሆናቸውን ሳታጤኑት የቀራችሁ አይመስለኝም። ዶክተር ኢንሻራህ ግን ከቀዶ ሕክምና ክፍል እንደወጣች ሰው ነግሯት፣ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሮጣ ተመዘገበች። ሳትዘጋጁበት ስለደረሰችባችሁ በእርሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ስለ ማኅተሙ። ተወዳዳሪዎች ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ እስከ ሰኞ ማታ እንዲያስገቡ አዘዛችሁ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ማኅተም ያዡ አቶ አሚር መሳቢያቸውን ቆልፈው ኮምቦልቻ ለስብሰባ መሄዳቸው ለዶክተር ኢንሻራህ ተነገራት። እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ፤ መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ሌላ ሊሆን አይችልም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስብሰባው አለበት የተባለው አዳራሽ ዘበኛ፣ ትሑት ሰው ናቸው፣ አዳራሹ ለጥገና ከተዘጋ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ነግረውኝ ጣሪያው የተነሣበትን ሳይቀር አሳዩኝ። አቶ አሚር ጣሪያ በሌለው አዳራሽ ከማን ጋር እንደተሰበሰቡ እስካሁን አላወቅሁም። የማውቀው ማኅተሙ ማክሰኞ መመለሱን፣ ዶክተር ኢንሻራህ «ሰነዷ ያልተሟላ» ተብላ መሰረዟን፣ የዶክተር ሀፊዝ ደብዳቤ ግን በዚያችው ሰኞ ማኅተም ማግኘቱን ነው።

3ኛ. በለጠፋችሁት ውጤት ላይ ዶክተር ሀፊዝ ረቡዕ ረፋድ አራት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ቀርበው ከመቶ ዘጠና ስድስት እንዳገኙ አነበብኩ። ማሻአላህ። በዚያው ረቡዕ፣ በዚያው ሰዓት፣ ደጋን ከተማ በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሥጋ ሲያስጨምሩ አይቻቸዋለሁ። የቪዲዮ ቀራጩም አይቷቸዋል። ለሰውየው ክፋት የለኝም፤ የተቃጠለ እጅ ሲያድኑ ጎበዝ ናቸው ይባላል። ይሁንና ኮምቦልቻ ላይ የአፍንጫ ማስተካከያ ክሊኒክ ለመክፈት ቤት መያዛቸውን አገር ያውቃል። ታዲያ የጡት ሥልጠናው ለምን እንዳስፈለጋቸው፣ እናንተስ ለምን እንዳስፈለጋችሁ ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣኛል።

4ኛ. ይህ የገዛ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር፤ ይታገሡኝ። ዶክተር ሀፊዝ የተጻፈላቸውን የእንኳን ደስ ያለዎት ደብዳቤ ወዳጆቻቸው ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል። ቀኑ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ያለው ዓርብ ነው፤ እንከን የለበትም። የወጪ ቁጥሩ ግን 417 ነው። የማስታወቂያው የወጪ ቁጥር 423 ነው። የወጪ ቁጥር ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት በሚወጣበት ተራ መዝገብ ላይ እየተጻፈ የሚሰጥ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ቀኑን አስተካክላችሁ ቁጥሩን ረሳችሁት። ሰውየው እንኳን ደስ ያለዎት የተባሉት ውድድር መኖሩ ከመነገሩ ስድስት ደብዳቤ ቀደም ብሎ ነው። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራ ጸሐፊ ሦስት ቀን ከሰው ጋር ምሳ መብላት ያፍር ነበር።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ተናድጃለሁ። ውጤቱን ለዊዳድ ስነግራት አላለቀሰችም። ለዚያ ቀን ብላ ያሰፋችውን ቀሚስ አጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችና ምሳ አቀረበችልኝ። በዚህ አገር እብጠቷን ወንድ ሐኪም እንዳያይባት ብላ ይዛው የምትሞት ሴት ብዙ ናት፤ እናንተም ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ዋርዳችሁ ውስጥ ታያላችሁና። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የወጪ መዝገቡ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ውድድሩም ማኅተሙ ደሴ ባለበት ቀን እንደ አዲስ ይካሄድ።

መልስዎን የምጠብቀው በወጪ ቁጥር ተመዝግቦ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ተለጥፎ ነው። ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝ አክብሮት ከሥራችሁ ጋር እኩል መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ አላህ ለሁላችንም የእጃችንን እንዲሰጠን እየለመንኩ እሰናበታለሁ።

ሸሪፋ ጀማሉዲን
ከሆጤ፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ለዶክተር ኢንሻራህ
ለእህቴ ለዊዳድ
ለኮምቦልቻው ዘበኛ፣ ከምስጋና ጋር

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ቤቴ ድረስ መጥታ ስምንት ወር የደበቀችውን የጡት እብጠት አሳየችኝ። ወንድ ሐኪም ፊት አልገለጥም ብላ ነው የቆየችው። በማግሥቱ ይዣት ዶክተር ኢንሻራህ ዘንድ ሄድኩ፤ ምርመራዋ ተጀምሯል። ጡቷ መቆረጥ ቢኖርበት እዚሁ መልሳ የምትሠራላት ሴት ሐኪም ትኖር እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ መልሱ ያለው ባሏ ዘንድ መሆኑን ነገርኳት። ባሏ ከሰባታችሁ አንዱ ነው። እስካሁን አልነገረችውም፤ እኔም የማን ሚስት እንደሆነች አልጽፍም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሰባታችሁም ጠይቁ።