ባቄላውና መራራው ቅጠል፦ የወይዘሮ ዶናታ ሎሩሶ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዶናታ ሎሩሶ ከአባታቸው ከአቶ ሳቪኖ ሎሩሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቪንቼንዛ፣ በደቡብ ጣሊያን በሚነርቪኖ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1938 ተወለዱ። እስከ አምስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከእናታቸው ጋር መራራ የዱር ቅጠል እየለቀሙ ገበያ ላይ ሸጠዋል። የመልቀሚያዋ ትንሽ ቢላዋ ሰርግ ሲሄዱ እንኳ ከኪሳቸው አትለይም ነበር።

በ1963 በቢቶንቶ የወይራ መጭመቂያ ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ኮዚሞ ፋላካራን አገቡ። አቶ ኮዚሞ የመጀመሪያ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢማኮላታ ሞተውባቸው፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ፊሎሜናን ከሟች ባለቤታቸው እናት ከእማማ ኑንዚያ ጋር ያሳድጉ ነበር። ፊሎሜና እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ምግብ በቀር አትቀምስም፤ እሱም አያቷ ልክ እንደ እናቷ አድርገው በሸክላ ድስት እስኪፈርስ የሚቀቅሉት የባቄላ ክክ ነው። ሐኪሙ ደሟ አንሷል፣ ቅጠል ካልበላች ክረምቱን አትዘልቅም አለ። ጎረቤቶች ቅጠሉን ፈጭተው ባቄላው ውስጥ እንዲደብቁት መከሯቸው።

"እንዴት ተደርጎ! ያ የእናቷ ነው" አሉ ዶናታ። "ካወቀችብኝ እሱንም ትተወዋለች።"

ባቄላውን ለአያትየው ትተው፣ ቅጠሉን ቀቅለው ዘይትና ሎሚ እያደረጉ ከልጅቷ ሳህን ዳር ያኖሩ ጀመር። ሳትነካው ስትቀር አጠገቧ ተቀምጠው ራሳቸው ይበሉታል።

"ኮዚሞ፣ ፍየል ነው እንዴ ያገባኸው?" ይሉ ነበር እማማ ኑንዚያ።

"ፍየልስ ብሆን ምን አለ፣ እማማ? ወተት አያጡም።"

አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጅቷ ቅጠሉን ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

"ይመራል!"

"ይመራል እንጂ። መራራውን ለኔ ተዪው።"

አልተወችም። ቅጠሉን ባቄላው ላይ አድርጋ ደግማ ጎረሰች። "እንዲህ ሲሆን አይመርም" አለች፤ ከዚያም ከእናቷ ባቄላ አንድ ማንኪያ ቀንሳ ዶናታ ሳህን ላይ ጨመረች። "አንቺም እንዲህ አድርገሽ ብይ እንጂ፣ ምነው በደረቁ!" እማማ ኑንዚያ ድስቱን ላማስል ብለው ተነሡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ብዙ ቆዩ።

በጸደይ ሐኪሙ የልጅቷን ጉንጭ አይቶ፣ "ይህችን ማን ቀለም ቀባት?" ብሎ ሳቀ።

ወይዘሮ ዶናታ ከዚያ በኋላ ቪቶንና ሩጂዬሮን ወለዱ፤ እስኪያረጁም በከተማው ገበያ አትክልት ሸጡ። በዚያ ቤት ግን አንድም ቀን ባቄላ ቀቅለው አያውቁም። መጀመሪያ እማማ ኑንዚያ፣ ኋላም ፊሎሜና ይቀቅሉት ነበር።

ባለቤታቸውን በ2004 በሞት ካጡ በኋላ ከልጃቸው ከፊሎሜና ጋር ኖሩ። ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸው ሲታመሙ ቆይተው ጃንዋሪ 17 ቀን 2019 በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ። የሦስት ልጆች እናትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ።

ዛሬ በጸሎቱ ላይ ኢማኮላታና ዶናታ የሚሉት ስሞች አብረው እንዲጠሩ የለመኑት ወይዘሮ ፊሎሜና ናቸው። ሁለቱም እናቶቻቸው ናቸውና፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጎን ለጎን ያሳርፍልን።