ለማቴዎስ ስልክ የተላከው መጠይቅ

ለተከበሩ አቶ ባህሩ
የሽው ብሮውዘር ኩባንያ የማርኬቲንግ ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከመላ ቤተሰብዎና ከባልደረቦችዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዳሉ፣ ልጆችዎም ከጨዋታ ሜዳ በእግራቸው እንደሚመለሱልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ዮፍታሄ ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኩባንያዎ በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ስፖንሰር ባደረገው የወጣቶች ዋንጫ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ሜዳ ላይ ወድቆ የሞተው የግራ ተከላካይ ማቴዎስ ታላቅ ወንድሜ ነው። በተቀበረ በሃያ ሦስተኛው ቀን በስልኩ መጠይቅ ልካችሁለታል። ስፖርትን ስፖንሰር ማድረግ ለኢንተርኔት ብሮውዘር ኩባንያ ያዋጣ እንደሆነ ለማወቅ የእሱ አስተያየት «እጅግ ጠቃሚ» መሆኑን ስለገለጻችሁ፣ ሳይመለስ እንዳይቀር በእሱ ፋንታ እኔ መልሻለሁ።

1. «አርማችንን ያስታውሱታል?» እናስታውሰዋለን። ነጩ ማሊያ ላይ ደረቱን ሞልቶት ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ማሊያውን በመቀስ ስትቀድ አርማው ለሁለት ተከፈለ፤ እናታችን ወይዘሮ ፅጌ ሁለቱንም ቁራጭ ሳታጥብ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። በከተማችን አርማችሁን በዚህ ክብር የያዘ ሌላ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

2. «ማስታወቂያችን በሜዳው በቂ ቦታ አግኝቷል?» ከበቂ በላይ። የሜዳው መግቢያ አንድ ብቻ ነው፤ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት፣ በባነር ያጌጠች ፒክአፓችሁም እዚያው መግቢያው ላይ ቆማ ነበር። ማቴዎስ ሲወድቅ የጠራነው ባጃጅ መግባት አልቻለም። መኪናዋን እንዲያነሳት ሾፌሩን ብንለምነው፣ «ዋንጫው እስኪሰጥ እንዳትነቃነቅ ተብያለሁ፣ ወንድሜ፤ ፎቶው ላይ መግባት አለባት» አለን። ታማኝ ሠራተኛ ነውና ደመወዝ እንዲጨመርለት እማጸናለሁ። ወንድሜን በመኪናዋና በበሩ ምሰሶ መካከል በጎኑ አሹልከን አወጣነው፤ ድምፅ ማጉያው ያን ጊዜ ስለ ብሮውዘራችሁ ፍጥነት ያወራ ነበር። ሐኪሙ ለአባታችን «አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ብታመጡት ኖሮ…» አለው።

3. «ከውድድሩ በኋላ ብሮውዘራችንን መጠቀም ጀምረዋል?» ማቴዎስ አልጀመረም፤ እኔ ግን ጀምሬያለሁ። ሰው ሜዳ ላይ ድንገት ልቡ ቢቆም ምን እንደሚደረግ የፈለግሁት በእናንተው ብሮውዘር ነው፤ ወዲያው አገኘልኝ። ደረቱን መጫን እንደነበረብን ያወቅሁት ያኔ ነው። በሜዳው ዙሪያ ኮፍያ የሚያድሉ አሥራ አራት ወጣቶች አሰማርታችሁ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው ግን አልነበረም።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ ያዋጣል ብዬ እመሰክራለሁ። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ እንዴት እንደሞተ ሲጠይቅ የኩባንያችሁን ስም ሳይሰማ አልሄደም።

ሁለተኛው ዙር የዋንጫ ውድድር በሚቀጥለው ወር በዚያው ሜዳ እንደሚጀመር ሰምቻለሁ፤ የማቴዎስ ጓደኞችም ይጫወታሉ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መግቢያውን ክፍት ተዉት። መኪናዋ አጥሩ ሥር ብትቆምም ፎቶው ላይ ትገባለች፤ ሄጄ በስልኬ አንስቼ አረጋግጫለሁ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለወንድሜ ስለሰጣችሁት ማሊያና ለቤተሰባችን ስላልላካችሁት የሐዘን መግለጫ ጥልቅ ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

የሦስት ቁጥሩ ተጫዋች ታናሽ ወንድም
ዮፍታሄ
ሐዋሳ

ማስታወሻ፦ ትናንት በማቴዎስ ስልክ ሌላ መልእክት ደርሷል፤ ለሁለተኛው ዙር እንዲመዘገብ ይጋብዘዋል። በእሱ ፋንታ እኔን መዝግቡኝ። የምሰለፍበትን ቦታ ለሚጠይቀው መስመር፣ በፒክአፓችሁና በበሩ ምሰሶ መካከል ብዬ ሞልቻለሁ።