ለእርስዎ ጉብኝት የተዋስነው ፍራሽ

በደብዳቤዎ «ራሳቸውን ችለዋል» አሉን? እሰይ! ይህችን ቃል ከእርስዎ ለመስማት ነበር እኮ ሰፈራችን በጎርፍ የታጠበው።

ይቅርታ፣ ንዴቴ ሰላምታዬን ቀደመው። የተከበሩ የአደጋ ጊዜ እርዳታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጫማዎስ ደህና ነው? ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ጭቃ እንዳይነካዎ ጣውላ የዘረጋሁልዎ እኔ ነኝ፤ የጎሚስታ ቤቱ ልጅ፣ ሰፈሩ በመኪና ማንሻው ስም «ክሪክ» የሚለኝ። የከባድ መኪና ጎማ ብቻዬን ነው የማነሳው፤ ውሸት ከመሰለዎ ሰው ይጠይቁ። ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ ስለዚህ የጎረበጠዎ ቃል ካለ እንደ ሰፈራችን መንገድ ቀስ ብለው ይለፉት።

ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ላድርገው።

1ኛ. ከመምጣትዎ በፊት ስላስነገሩ አመሰግናለሁ። ነገ ይመጣሉ ሲባል «እንግዳማ ገበናችንን አያይም!» ብዬ ተነሳሁ። ከየደጁ ፍራሽ ተዋስኩ፣ ከድንኳን አከራዩ ወንበር ለምኜ አመጣሁ፣ መጠለያ የሆነውን የሰፈራችንን አዳራሽ ግድግዳ ቀለም ቀባሁ። ጎርፉ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ተፋፍገው እንዳይታዩብን ደግሞ ግማሾቹን ወስጄ ከጎማ ክምሬ ጀርባ ሸሸግኳቸው። ልብስ አጣቢዋ እማማ የልጅ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰውዬው የሚመጡት እኛን ሊያዩ አይደል እንዴ? ምን ብለህ ነው የምትደብቀን?» አሉኝ። እኔ ደግሞ «እማማ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉት፤ የባለሥልጣን አያያዝ አውቅበታለሁ» አልኳቸው። አወቅሁበት!

2ኛ. ያቀረብነውን ምሳ ጥርግ አድርገው ስለበሉልን አመሰግናለሁ። ምሳው የተሠራው ተጠልለው ላሉት ሰዎች በቀረችው የመጨረሻ ዱቄትና ዘይት ነበር። ምግቡን የምታበስለው እህቴ ድስቱ ባዶ መሆኑን በዓይኗ ስትነግረኝ፣ እኔ «ጨምሪላቸው እንጂ!» እላታለሁ። እርስዎም አፍዎን እየጠረጉ «ምን ጎደላችሁ?» ሲሉኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ምንም! እኔ እያለሁ እዚህ ማንም አይራብም» አልኩዎ። እርስዎም ደግ ሰው ነዎትና አመኑኝ። የጓዳውን በር ገፋ ቢያደርጉት ይከፈት ነበር፤ ግን እጅዎ በቅባት ተይዞ ነበርና አልፈርድብዎትም።

3ኛ. ለደብዳቤዎም አመሰግናለሁ። ለምግብና ለመጠለያ የተያዘልን በጀት «ይበልጥ ለተቸገሩ» ተዛውሯል ይላል። ደብዳቤው ሲደርሰን ፍራሾቹ ለየባለቤቶቻቸው ተመልሰው ነበር። አሁን እማማ ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፈው ከልጆቹ ጋር ይተኛሉ፤ ትንሿ ልጅ ሳል ይዟታል። እህቴ ሾርባ ብላ የምትቀዳው ነገር የድስቱን እጣቢ ነው የሚመስለው። እኔን ግን እማማ አልተቆጡኝም። «ተወው ልጄ፣ ለክብራችን ብለህ ነው» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ! ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ እኔ፣ ክሪክ!

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጥፋቱን እንካፈል፦ መዋሸቱ የእኔ፣ አለማየቱ የእርስዎ። የእኔን ድርሻ ሰፈሩን ሁሉ ሰብስቤ ተናግሬያለሁ፤ የእርስዎን እርስዎ ያውቁበታል። ግን እኔና እርስዎ አጥፍተን ካርቶን ላይ የሚተኙት ለምን እማማ ይሁኑ? በጀታችንን ይመልሱልን።

በጉራው የስንቱን ጉሮሮ የዘጋ፣ ቢጠሩት ቢሮዎ ድረስ መጥቶ መዋሸቱን በፊርማው የሚያረጋግጥ ታዛዥዎ፣
ክሪክ፣ ከጎሚስታ ቤት

ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛ ሲመጡ በእናትዎ እንዳያስነግሩ። ቀድሜ ከሰማሁ ራሴን አላምነውም፤ እንደገና አሳምሬ እጠብቅዎታለሁ። ምሳዎንም በልተው ይምጡ። መልስዎን ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ እፈልጋለሁ፤ ልጅቷ እያሳላት ነው። ቶሎ ይጻፉ!