የአሥራ አራቱ ሸሚዞች ስፌት

ውድ ሳህሉ፣

ስለ ጤናህ በመጠየቅ ገጽ አልሞላም፤ ደህና መሆንህን ልጅህ ሳሌም ለሠራተኛችን ለምሥጢር በስልክ ትነግራታለች። የምጽፍልህ ከአራት ዓመት በፊት ልነግርህ ይገባኝ የነበረውን ለመናገር ነው። ለዚህ ያበቃኝ የቤዝቦል ሜዳ መሆኑን ስትሰማ ትስቅ ይሆናል።

የቤዝቦል ወራት ሲገባ የስፌት ሱቃችን ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። የልጆች ቡድኖች ሸሚዝ ያመጣሉ፣ እኛ ቁጥርና ስም እንሰፋለን። ዘንድሮ አሠልጣኙ አሮን አሥራ አራት ሸሚዝ አመጣ። ምሥጢር፣ «እትዬ እታገኝ፣ ግማሹን ለእኔ ይስጡኝና እርስዎ ትንሽ ሪላክስ ያድርጉ» አለችኝ። የጀመርኩትን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቼ እንደማላውቅ ነገርኳትና ሁሉንም ራሴ ሰፋሁ።

በመክፈቻው ጨዋታ ቀን አሮን ካልመጣችሁ ብሎ ስለጨቀጨቀን ሱቁን ዘግተን ሄድን። ጨዋታው ዝግ ያለ ነው፤ ተጫዋቾቹ ከሚሮጡት ይልቅ ቆመው የሚጠብቁት ይበዛል። ኳስ የምትወረውረው ወንጌላዊት የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ በደንብ ወረወረች፤ በኋላ ክንዷ ደከመ፣ ኳሱም መሄጃውን ሳተ። አሮን ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ሰው ሁሉ እያየው ቀስ ብሎ ወደ መሐል ሜዳ ሄደ፣ ጥቂት ነገር አላትና እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ኳሱን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ስትወጣ ተመልካቹ አጨበጨበላት። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ብዙም ሳትቆይ የተካቻትን ልጅ በስሟ እየጠራች ታበረታታት ጀመር።

እረፍት ሲሆን አሮንን ጠየቅሁት።

«በሰው ፊት ማስወጣት አይከብድህም?»

«ይከብዳል እማማ። ዝም ካልኩ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ዛት ኢዝ ዎርስ፤ ያ ይብሳል። እናንተ ሱቅ ውስጥ እንዴት ነው የምታደርጉት?»

አሮንን ትቼ ምሥጢር አጠገብ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በዚያው መሐል ወንጌላዊት ሸሚዟ ትከሻው ላይ ተተርትሮባት ወደ እኔ መጣች። መርፌ ከቦርሳዬ እንደማይጠፋ ታውቃለህ። ሸሚዙን ገልብጬ የቁጥሩን ስፌት ከውስጥ በኩል አየሁት። ስፌት ያስተማረችኝ መምህርት፣ ክር ሲያልቅ ስፌቱ እንዳይፈታ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ያልመለሰችን ተማሪ ሥራ ዓይኗ እያየ ትተረትርባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ትቼ አላውቅም። እዚያ ሸሚዝ ላይ ግን አልነበሩም። ስፌቱ የእኔ አልነበረም።

«ምሥጢር፣ ይህን ማን ሰፋው?»

«ይቅርታ፣ እትዬ፤ እኔ ነኝ። ስድስት ቁጥሩ ተገልብጦ ዘጠኝ ሆኖ ነበር።»

«ሌላስ?»

ሸሚዙን ከእጄ ልትወስድ ሞከረች።

«ሌላስ ብዬሻለሁ።»

«ስምንት ሸሚዝ። መስመራቸው ጠሞ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የእኔን ሥራ የምትተረትሪው?»

«ካለፈው ሲዝን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎስ ለጋሽ ሳህሉ ነግረዋቸው ነበር?» አለችኝ።

አልነገርኩህም። እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ቀድሜህ እየገባሁ የሰፋኸውን ተርትሬ እንደገና እሰፋ ነበር። አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ምሥጢር ታውቅ ነበር፤ ደንበኞቻችንም ያወቁ ይመስለኛል። ሁላችንም በይሉኝታ ዝም አልን። አንድ ቀን ከወትሮው ቀድመህ ስትገባ፣ የሰፋኸው ሱሪ ጭኔ ላይ ተገልብጦ፣ ምላጭ በእጄ ይዤ አገኘኸኝ። «ደህና አደርሽ» አልከኝ፣ ሜትርህን ከአንገትህ አውልቀህ ምስማሩ ላይ ሰቀልክና ወጣህ። በማግሥቱ ሳሌም ደውላ፣ «አባባ ሪታየር አድርጓል፤ ከእንግዲህ ሥራ አይገባም» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ሽርክናችን ከተናገርኩት ሁሉ የማፍረው በዚያ እሺ ነው። ቀድሜ መጥቼ እጄን ልዘረጋልህ ይገባኝ ነበር። ብዘረጋ ኖሮ መቁረጡንና ልኩን መውሰዱን አንተ ይዘህ፣ መስፋቱን ለምሥጢር ትተህ ዛሬም እዚህ ትሠራ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሰኞ ዕለት ሱቁ ውስጥ አራት ደንበኞች እያሉ ከማሽኑ ተነሣሁ። ማንም እንዲነካው የማልፈቅደውን መቀሴን ምሥጢር እጅ ላይ አኖርኩና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስፌቱ የአንቺ ነው። የእኔን ሥራ ስትተረትሪም እኔ ፊት ተርትሪው» አልኳት። ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ደንበኛ ሱሪው መቼ እንደሚደርስለት ጠየቀ። ምሥጢር «ሐሙስ» ብላው ማሽኑ ላይ ተቀመጠች።

አሁን የምቀመጠው ፊት ለፊት፣ ልብስ መቀበያው ጋ ነው። ቁልፍ እተክላለሁ፤ እሱም ሲጠም ይነገረኛል። ትናንት ሁለት ጊዜ ተነገረኝ። ደስ አላለኝም።

ሜትርህ የሰቀልክበት ምስማር ላይ ነው። በምሥጢር በኩል ልልክልህ አስቤ ተውኩት። ቅዳሜ በባቡር ሳን ሆዜ፣ ቤትህ ድረስ እመጣለሁ። ሳሌም ባለችበት፣ የሠራሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግርሃለሁ፤ ከዚያ ሜትሩን በእጅህ እሰጥሃለሁ። ልትቀበለኝ ካልፈለግህ በሩ ላይ ንገረኝ እንጂ ልጅህን አታስደውል።

የሥራ ባልደረባህ
እታገኝ