ሁለት ጥርስ የጎደለው ማርሽ

ጥቅምት 4

የጥርስ ሐኪሟን መጋረጃ ጠርዝ ስቀመቅም ዋልኩ። አራት መጋረጃ፣ ሁሉም ነጭ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ነጭ ጨርቅ እፈራለሁ፤ አንዲት የዘይት ጠብታ ትበቃዋለች። የስፌት መኪናዬ እንደ ልማዷ ስታነክስ ዋለች። ተክ ተክ ተክ... ቋ! ውስጧ ያለው ማርሽ ሁለት ጥርስ ከጎደለው ሦስት ዓመት ሆነው። ስፌቱን እስካልበደለች ድረስ ታነክስ።

ወንድሜ ከሥራ ገባ፣ ቀጥታ ወደ ዕቃ ቤት፣ በሩን ዘጋ። ከዚያ ጩኸት። ግድግዳው ስስ ነው። እኔ ወዲህ እሰፋለሁ፣ እሱ ወዲያ ይታረዳል።

ጥቅምት 6

ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ በር አንኳኩ። "እህቴ፣ ሰው ታሞባችኋል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው። እየዘፈነ ነው።"

አላመኑኝም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የኛው ጮኸ፣ ጎረቤትም ጓንቱን ይዞ ከተፍ አለ።

እራት ላይ ጠየቅሁት።

"ብላክ ሜታል የሚባል የጩኸት ሙዚቃ ነው እትዬ። ጥሬው ዓይነት።"

"ጥሬ ማለት?"

"ያልተሞረደ፣ ያልተሸለመ... ድምፁ መጥፎ ሲሆን ነው እውነት የሚሆነው።"

"እንግዲያ አንተ እውነተኛ ነህ" አልኩት።

ሳቀ! ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ከ"እሺ" የረዘመ ቃል አልወጣውም። ይጩህ። ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ይጩህልኝ።

ጥቅምት 19

ዕቃ ቤት ሲጮኽ የቀዳው ካሴት ወጣ። በአሮጌ ቴፑ ቀድቶ ቀድቶ አርባ ፍሬ። ኢንተርኔት ላይም ለቀቀው፤ እንደሱ ያሉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ገጽ አለ፣ ሰምተው አስተያየት ይጽፋሉ። ሽፋኑ ላይ ፊቱን በከሰል አጥቁሮ ቆሟል። ስሙን "ግርዶሽ" ብሏል። ቀን መዝገብ ቤት ፋይል የሚደረድር፣ ካልሲው እንኳ የማይገጥም ሰው... ግርዶሽ!

ስልኩን እንደ ድስት ክዳን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። እስካሁን የጻፈ የለም። እኔ ምን አገባኝ... ግን አንድ ሰው እንኳ ቢጽፍለት ምናለ?

ጥቅምት 21

ጻፉ! ቁርስ ላይ አነበበልኝ።

"አመድ ጠባቂ" የሚባለው፦ "ጉድጓድ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ድንቅ።"

"ቀዝቃዛው መቃብር" ደግሞ፦ "በሕይወቴ ከዚህ የባሰ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ካሴት ላክልኝ።"

የነዚህ ሰዎች ስድብና ምስጋና በምን ይለያል?

ከዚያ አንዲት "የጉጉት እናት" መጣች። "ዘፋኙ ሆዱን ካመመው ይታከም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ከበሮ ግን... ይሄዳል፣ ያነክሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። የሰው እጅ አይደለም።" ከሷ በኋላ ሁሉም ስለ ሦስተኛው ብቻ። አመድ ጠባቂ ተመልሶ "የሞት ኮቴ ነው" አለ።

ወንድሜ ግራ ገባው። "ሦስተኛው ላይ ከበሮ የለኝም እኮ። የቴፑ ብልሽት ይሆናል።" ከፈተልኝ። ከጩኸቱ ሥር... ተክ ተክ ተክ... ቋ!

ሻዩ ትን አለኝ። የጥርስ ሐኪሟ መጋረጃ!

ልንገረው? ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ እንደዚህ ከበራ ስንት ጊዜ ሆነው? ዝም አልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ሞት ነው አሉት፣ እኔ ጠርዝ እየቀመቀምኩ።

ኅዳር 2

ሁለተኛውን ካሴት ሊቀዳ ተነስቷል። እኔን ደግሞ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የሚለፋው እሱ፣ የሚመሰገነው የኔ ጎማዳ ማርሽ! ይህኛው ምስጋና የራሱ ይሁን ብዬ ጠጋኙን አስመጣሁ። ማርሹን ለወጠው። መኪናዬ አሁን ትሠራለች ወይስ ቆማለች እስኪባል ድረስ ጸጥ ብላለች። አሮጌውን ማርሽ የቁልፍ ማጠራቀሚያ ቆርቆሮዬ ውስጥ ጣልኩት።

ምን ዓይነት ደግ እህት ነኝ!

ኅዳር 17

አላርፍ ያለች ጣት... የቀረውን አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ትናንት ወጣ። አመድ ጠባቂ፦ "ነፍሱ ወጥታለች።" ቀዝቃዛው መቃብር፦ "ግርዶሽ ሀብታም ሆኗል። ዘመናዊ ስቱዲዮ ገብቷል።" ዕቃ ቤታችን! በመጥረጊያና በሽንኩርት ጆንያ መሃል! የጉጉት እናትማ፦ "ከበሮውን አባሮ የሆድ ሕመሙን ብቻ አስቀርቶታል።"

አልተናደደም። ቢናደድ ይሻለኝ ነበር። ጊታሩን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ አልጋው ሥር ገፋው። "ይብቃኝ እትዬ። ለካ የወደዱት ብልሽቱን ነው።"

ኅዳር 18

"እሺ።"

ኅዳር 19

"እሺ" ሁለት ጊዜ። አንዱ ለሾርባው፣ አንዱ ለጨው።

ኅዳር 20

ነገርኩት። ማርሹን ከቆርቆሮው አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። "ከበሮ መቺህ ይኸውልህ።" ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መጋረጃውን፣ ጠጋኙን፣ ዝም ማለቴን።

ማርሹን ሲያገላብጥ ቆየ።

"ወር ሙሉ እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ።"

"በልብሽ ትስቂብኝ ነበር?"

"ትንሽ..." ምን ልዋሽ?

ተነስቶ ክፍሉ ገባ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ምናለ ቢያላትመው? ሳህኑን ሳጥብ አለቀስኩ። ከአሁን በኋላ ዝም ካለ በኔ ነው።

ኅዳር 21

ጠዋት መኪናዬ ጋ ስደርስ ቀድሞኝ ቆሟል። ዓይኑ አብጧል። ማርሹ በእጁ።

"እትዬ... ይቺ ተመልሳ ትገጠማለች?"

ኅዳር 23

ጠጋኙ መጣ። "ሠላሳ ዓመት ስጠግን፣ መልሰህ አበላሽልኝ ያለኝ ሰው የለም።"

"ጥሬ ሲሆን ነው የሚወደደው" አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ገጠማት። ወንድሜ ሲስቅ ከኋላዬ ሰማሁት።

መኪናዬን ዕቃ ቤት አስገባናት፣ ሽንኩርቱ ወጣ። "ምን ልስፋ?" ብለው "ወፈር ያለ ነገር" አለኝ። ጎረቤታችን ዚፕ ቀይሪልኝ ብለው የሰጡኝን ጂንስ አመጣሁ። እሱ ጮኸ፣ እኔ ረገጥኩ። ደግሞ ደስ ሲል! ለማንም አላወራም እንጂ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ እኔም ትንሽ ጮኼያለሁ። የጎረቤታችን ሱሪ እሳቸው ሳያውቁ ካሴት ላይ ወጣ።

ታኅሣሥ 12

ሦስተኛው ካሴት ከወጣ ሁለት ቀኑ። ሽፋኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ ጩኸትና ጊታር፣ ግርዶሽ። መኪና፣ እትዬ።

አመድ ጠባቂ "ነፍሱ ተመለሰች" ብሏል። ቀዝቃዛው መቃብር "አስቀያሚ ነው" ብሎ ሦስት ካሴት አዟል። የጉጉት እናት ግን... ይቺ ሴት! "ከበሮ መቺው አራተኛው ዘፈን ላይ ደክሞታል። ያረጀ ሰው መሰለኝ።"

ያረጀ? የጂንሱ መጋጠሚያ ላይ ደርሼ ነው! አራት ድርብ ጨርቅ! በሕይወቷ መርፌ ነክታ ታውቃለች? ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ። ሁለት ጊዜ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ወንድሜ በሳቅ ሊሞት ነው። "ሰው ያለውን ሁሉ አትስሚ እትዬ" ይለኛል። እሱ! እሱ ደርሶ ለኔ!

ለካ እንዲህ ነው የሚያመው። እኔ ደግሞ ስንት ቀን ቀለድኩበት።

እራት ቀርቧል፣ እየቀዘቀዘ ነው። ስልኩ መሃላችን ጠረጴዛው ላይ።

"አዲስ የጻፈ አለ?" አልኩት።

"አሁን እኮ አየን እትዬ።"

"እስቲ ደግመህ ክፈተው።"