የቻላቸው ጋቢ

ለምወድሽ እናቴ፣

እማየ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ከብቶቹ፣ ጎረቤቱ፣ ደጁ ሁሉ ደኅና ነው? እኔም እዚህ ፍኖተ ሰላም ደኅና ነኝ ብየ ልጽፍልሽ ብነሣ እጄ እምቢ አለኝ። አለሁ፤ ተመስገን። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁምና ይህን ወረቀት ወደ ቡሬ በሚመጣ ሹፌር ልኬዋለሁ። እናኑ የጎረቤታችን ልጅ፣ ለእማየ ስታነቢላት ቀስ በይ፣ አደራ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። «ወንድምሽን ሳታገኚ ከአገር ብትወጪ የጠባሽው ጡቴ ይፋረድሽ» ብለሻል አሉ። ኧረ እማየ! ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? ቻላቸው ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ ደምበጫ ከወጣ፣ ወሬውም ከጠፋ፣ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔስ ያንቺን ያህል አልተቃጠልሁም?

ስንት ጊዜ ነገርሁሽ። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ የማየው ከሰማይ የተነሣ የደን ፎቶ ነው። ጥዱና ወይራው ከባሕር ዛፉ በምን እንደሚለይ ኮምፒውተሩን አስተምረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ የየደብሩ ደን ከዓመት ዓመት ሰፋ ወይስ ጠበበ የሚለውን ያወጣልኛል። ሥራየ ይኸው ነው። ሰው አይታየኝም! አንቺ ግን «ልጄ ከሰማይ ታያለች» ብለሽ ላገሩ ሁሉ አወራሽብኝ። ባለፈው ስመጣ እትየ እህተ ማርያም የጠፋች ጥጃዋን ፈልጊልኝ ብላ «ቀይ ናት፣ ግንባሯ ቦቃ ነው» እያለች ምልክቷን ስትነግረኝ በሳቅ ፈረስሁ። ማታ አንቺ የቻላቸውን ምልክት ስትነግሪኝ ግን ሳቄ ጠፋ። ወንድሜን የማላውቀው ይመስል ቁመቱን፣ የጥርሱን ፍንጭት፣ አንገቱ ላይ ያሰርሽለትን ማተብ። ከዚያም ራስሽ ፈትለሽ ያሠራሽለትን ጋቢ አስያዝሽኝ። «ብታገኚው አልብሺው፤ ብታጪው መልሺልኝ» አልሽኝ።

ጀርመን አገር ያለች አንዲት ፕሮፌሰር ለዶክትሬት ትምህርት ልትወስደኝ ፈልጋለች። እንደኔ ላለ ጀማሪ ይህ ዕድል ሁለት ጊዜ አይመጣም፤ ያመለከተው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ከኔ የጠየቀችው አንድ የሙከራ ሥራ ብቻ ነው፦ በምዕራብ ጎጃም የቤተ ክርስቲያን ደን የሳሳበትን ቦታ በፎቶው ለይቼ፣ በእግሬ ሄጄ፣ ምክንያቱን ልጽፍላት። እርሻ ገፍቶት ነው? ለከሰል ተቆርጦ ነው? እስከ ሰኞ ካልላክሁላት ቦታውን ለሌላ ትሰጠዋለች። መንገዱ ሲከፈት እየሄድሁ፣ ሲዘጋ እያለቀስሁ፣ አንዲት ቦታ እስክትቀረኝ ድረስ ጨረስሁት።

ያቺ የቀረችኝ ከደምበጫ ወዲያ ገጠር ውስጥ ያለች ደብር ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አምና ደን የነበረው ቦታ ዘንድሮ ገላጣ ሆኖ ታየኝ። ለከሰል አስቆርጠውት ነው ብየ ካህናቱን ልጣላቸው እየዛትሁ ሄድሁ። ከሰል አልነበረም፣ እማየ። እርሻም አልነበረም። የደብሩ አገልጋይ ቄስ ገብረ ኢየሱስ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝና ነገርኋቸው። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብተው የማውቀውን አንድ ነገር አምጥተው አሳዩኝ። የቀረውን ስመጣ አወራሻለሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ስሙን የማያውቁትን መንገደኛ እንኳ ያለ ሥርዓት አይሸኙም።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን መክፈት አስጠልቶኛል። ስከፍተው ያቺው ገላጣ ትመጣብኛለች፤ ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ነው። ምን ብየ ልጻፍ? የተማርሁበትን ቀን ረገምሁት። ምነው የእትየ እህተ ማርያምን ጥጃ ፈላጊ ሆኜ በቀረሁ! ከሰማይ ሰው አይታይም እያልሁ ስሟገትሽ አንቺ አይታይም ማለትን እምቢ አልሽ። እንደኔ በሆነ ኖሮ ደስ ባለኝ።

እማየ፣ ቅዳሜ ገበያ አትውረጂ። ቤትሽ ሁኚልኝ። በማለዳ እመጣለሁ፤ አጎቴ እንድሪያስና የንስሐ አባትሽም አብረውኝ ናቸው። ሰው ቢጠይቅሽ ስለ ልጄ ጉዞ ሊሸመግሉኝ ነው በይ። እናኑ፣ አንቺም እናትሽን ይዘሽ ያን ቀን ከቤቷ አትራቂ። የጉዞየን ነገር ሰው ከሄደልሽ በኋላ አንቺው ትፈርጃለሽ፤ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ሰኞም ቢያልፍ ይለፍ፤ አሁን እሱ አይደለም የሚያስለቅሰኝ።

ጉልበትሽንም ልብሽንም እሱ መድኃኔዓለም ያበርታልሽ። እስክመጣ እህል ቅመሺ፤ ጾም ነው ብለሽ ራስሽን አትጉጂ። ደጅሽን ሰላም ያድርግልሽ።

ያለሁልሽ ልጅሽ

ብታጪው መልሺልኝ ያልሽኝን ጋቢ ይዤልሽ አልመጣም።