ዳክዬዎቹና ዶሮዎቹ የት እንደገቡ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለቤቴ እመቤት፣ ለሆድዬ፣

ጤናሽን አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ትዪኛለሽ፤ እኔም «ደህና ነኝ» እልሽና ተሸዋውደን እንቀራለን። ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት በሚወጣው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። የሚያደርስልሽ ያ ድሮ አብሮኝ ይነዳ የነበረው፣ አንቺ «ቀጥ በል» የምትዪው ሾፌር ነው። ቅዳሜ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ከመግባትሽ በፊት ግን ከኔ ከራሴ መስማት ያለብሽ ነገር አለ።

ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች ስለ ዶሮዎቹና ስለ ዳክዬዎቹ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው። ነጠብጣቧ ዶሮ ጫጩት አልፈለፈለችም። ወንዱ ዳክዬ፣ ዳኛውም አልወፈረም። ከአሥራ ሁለቱ ዶሮና ከአምስቱ ዳክዬ የቀረችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት። በሩን ከፍተሽ ባዶ ግቢ ከምታዪ አሁን ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

ስትሄጂ የጻፍሽልኝ ወረቀት አሁንም የወጥ ቤቱ በር ላይ እንደተለጠፈ ነው። ምንም አልጎደለውም። ዶሮዎቹ ከላይ ቆጡ ላይ፣ ዳክዬዎቹ ከታች በሽቦ ተለይተው ይደሩ። ዳክዬ ውሃ ካገኘ ሳይረጭ አያድርምና ሳፋው ከደጅ ይሁን። ጭዱ በየሁለት ቀኑ ይቀየር። የእህሉ ጆንያ ከመሬት ከፍ ብሎ ጣውላ ላይ ይቀመጥ። ከሁሉ በታች ሁለት ጊዜ አስምረሽ፣ የሻገተ እህል እንዳልሰጣቸው፣ ለዳክዬ ደግሞ ጭራሽ መርዝ እንደሆነ ጽፈሻል።

የመጀመሪያውን ወር እንደ ምልምል ወታደር ነው የሠራሁት። ዳኛው እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ ጭዱን ስቀይር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይመረምረኛል፤ ካልጣመው ይጮህብኛል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አሻግራ እያየች፣ ለአንቺ አንድ ቀን ውሃ ቀድቼልሽ አውቅ እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር። ለጨዋታ ነው ያለችው። እኔ ግን ባልዲውን ይዤ እዚያው ቆሜ አሰብኩ። አንድም ቀን አላስታወስኩም።

ዝናቡ ሲበረታ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በጭቃው ላይ መመላለሱ ሲያቅተኝ ሳፋውን ወደ ውስጥ አስገባሁት። በሦስት ቀን ውስጥ ጭዱ በስብሶ ሽታው ዓይን ያቃጥል ጀመር። ነገ እቀይረዋለሁ፣ ነገ እቀይረዋለሁ እያልኩ ሳለሁ አንቺን ልጠይቅ መጣሁ።

ያን ቀን ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያነጋግረኝ አይተሽኝ ነበር። ምን አለህ ብትዪኝ፣ ስለ አውቶቡሱ ሰዓት ነው የጠየቀኝ አልኩሽ። እሱም ውሸት ነበር።

ከዚያ ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን እንደዚያ እንደሆንኩ አላውቅም። ብቻ እነሱ ሲጮሁ እነሳና እጄ የገባውን ወርውሬላቸው እመለሳለሁ። ለካ ጣራው በጆንያው በኩል ያፈስ ኖሯል። አንድ ጠዋት እጄን ብከት በቆሎው ሞቋል፤ አውጥቼ ሳየው አረንጓዴ አቧራ ለብሷል። አላየሁም ብልሽ ይቀለኝ ነበር። አይቻለሁ። ወረቀትሽም ትዝ ብሎኛል። ግን ገበያ ወጥቶ ሌላ መግዛት ተራራ ሆነብኝ። በእጄ አራግፌ፣ ከፉርሽካ ጋር ለውሼ ሰጠኋቸው። ለሳምንት ያህል እሱኑ በሉ።

መጀመሪያ ሁለቱ ነጫጭ ዳክዬዎች ከቤታቸው አልወጣም አሉ። አንገታቸውን ዘርግተው ተኝተው፣ ውሃ ላይ ያሉ ይመስል እግራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። በማግስቱ ሌሎቹ ሁለቱ ተከተሉ። ዳኛው የመጨረሻው ነበር። እስከ በሩ ድረስ በኩራት ሄደና ድንገት ቁጭ አለ፤ ሁለተኛ አልተነሣም።

የእንስሳት ሐኪሟ መጣች፤ ገና ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማ አድርጋለች። የአንዱን ሆድ ከፍታ ጉበቱን አሳየችኝ፤ ከዚያ ጆንያው ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«አባባ፣ ተላላፊ በሽታ አይደለም። ይሄን እህል ማነው የሰጣቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። «ቤት ውስጥ የሚያግዝዎት ሰው የለዎትም?»

«ሚስት አለችኝ» አልኳት። «ሐኪም ቤት ናት።»

ጆንያውን ራሷ ጎትታ ከደጅ አወጣችው።

ዶሮዎቹ ከእህሉ ቢተርፉም እርጥበቱ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ጠዋት በሩን ስከፍት ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይሰማኛል። ያን ድምፅ ስንት ዓመት ካንቺ ጎን ተኝቼ ሰምቼዋለሁ፤ ማንም አያስተምረኝም። ሐኪሟ በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ሰጠችኝ። የበሰበሰውን ሁሉ ጠርጌ አወጣሁ፤ ሰጋቱራ አነጠፍኩ፤ ነፋስ እንዲገባ ከጣራው ሥር ሁለት ጣውላ ነቀልኩ፤ ሳፋውን ወደ ደጅ መለስኩ፤ ንጹሕ እህል ገዝቼ ጣውላ ላይ አስቀመጥኩ። ወረቀትሽ ላይ ያለውን አንድም ሳላስቀር ያደረግሁት ያኔ ነው። ምንም አልፈየደም። ከቆጡ ላይ አንድ በአንድ ወረዱ። ነጠብጣቧ እጄ ላይ ነው የሞተችው።

ልብስ ሰፊዋ አዘነችልኝና፣ በመልክ የሚመስሏቸውን ገዝቼ እንድተካ መከረችኝ። አንቺ እያንዳንዷን በአረማመዷ እንደምትለዪ አታውቅም። ቢሆንም ሰው መላ ሲያጣ የማያደርገው የለም፤ ገበያ ሄጄ አንዲት ዳክዬ ገዛሁ። እንደለቀቅኋት የዶሮ ቤቱን ዞረችው፤ ገብታ አየች፤ ወጣች፤ እንደገና ዞረች። ቀኑን ሙሉ እየተጣራች ስትዞር ዋለች፤ እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ወስጄ ለሸጠልኝ ሰውዬ መለስኩለት።

የቀረችው ያቺ አንገተ ራቁቷ ናት። ታስታውሻለሽ፣ ቤት ግቢ ብለን ስንት ቀን አባረናታል። አሻፈረኝ ብላ እንጨት ክምሩ ላይ ስታድር፣ ምግቧንም ከጎረቤት አጥር ሥር ስትለቅም ከረመች። የዳነችው ከእኔ በመራቋ ነው። እንቁላል ከጣለች ግን ቆይታለች፤ እኔን ስታይም ትሸሻለች።

አሁን ስለ ቅዳሜ። ትናንት የክፍልሽ ኃላፊ ነርስ ደውላልኝ ነበር። ተኝተሽ የምትመጪበት መኪና እንድፈልግ፣ ሁለት ብርድ ልብስና የራስሽን ልብስ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ስትናገር ረጋ ብላ ነው። መድኃኒቱን በወረቀት ጽፋ እንደምትሰጠኝ፣ ሁሉም ሕመም ማስታገሻ እንደሆነ አስረዳችኝ። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ቀጠሮ የላትም፣ አባባ» አለችኝ።

አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ዳቦ ጋጋሪው የዳቦ ማመላለሻውን መኪና ሊያውሰኝ ተስማምቷል። ከኋላ ፍራሽ ይዘረጋል፤ ለክቼዋለሁ፣ ይበቃሻል። አልጋሽን ግን የት እንደማደርገው ግራ ገብቶኛል። መጀመሪያ ግቢው እንዲታይሽ ብዬ ወደ ጓሮው መስኮት ወሰድኩት። እዚያ ተቀምጬ ሳየው የሚታየው ባዶው የዶሮ ቤት ነው፤ ወደ መንገዱ አዞርኩት። መንገዱን ደግሞ ድሮም አትወጂውም። ዛሬ ክፍሉ መሐል ላይ ቆሟል። ለ«ቀጥ በል» ንገሪውና እንዳልሽው አደርጋለሁ።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። ቅዳሜ ከመጣሽ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብትቆጪኝ ደስ ይለኛል፤ ድምፅሽ የሚፈቅድልሽን ያህል።

አምላክ ትንፋሽሽን ያቅልልልሽ፤ እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ ያለ ሕመም ያሳልፍሽ። መንገዱን አትፍሪው። ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበት ነው፤ ጉድጓዱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።

ያንቺው ሽማግሌ